ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ

ውድ እትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የቀረውን ሰላምታ በሌላ ጊዜ አደርሳለሁ፤ አሁን ወደ ጥያቄሽ ልግባ። «እማዬ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ሳላውቅ አልነካውም ብላለች» የሚለውን መልእክትሽን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የዓይኗ ሞራ ቀዶ ሕክምና በእኔ ዝምታ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ መዘግየት የለበትም። ስለዚህ ሁሉንም እጽፋለሁ። «አቁሚ» እስከምልሽ ድረስ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

እማዬ፣ ገንዘቡን አልሰረቅኩም፤ ማንንም አላታለልኩም። ያገኘሁት ፖከር ከሚባል የካርታ ጨዋታ ውድድር ነው። ቁማር ነው እንደምትይ አውቃለሁ፤ ስሙን ለማሳመር አልሞክርም። እንዴት እንደ ሆነ ሳትሰሚ ግን አትፍረጂብኝ።

ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል፤ አምስት ካርታ ደግሞ በጠረጴዛው መካከል ለሁሉም ይገለጣል። ሁሉም እኩል መግቢያ ከፍሎ፣ በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዘውን ቺፕ የሚባል መቁጠሪያ እኩል ይቀበላል። ቺፑ ያለቀበት ተነሥቶ ይሄዳል፤ ሽልማቱ እስከ መጨረሻው ለቆዩት ነው፣ ዘግይቶ የወጣም የበለጠ ያገኛል። ካርታችንን ሳናይ በየተራ የምናስቀምጠው፣ ትንሽና ትልቅ ያለው፣ ብላይንድ የሚባል የቺፕ ግዴታ አለ፤ እሱም በየ40 ደቂቃው ያድግ ነበር። ስለዚህ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰውም ያልቃል፤ መጠበቅ ራሱ ዋጋ ያስከፍላል።

ከ11 ሰዓት በላይ ተቀምጬ አምስት ሰዎች ቀረን። በቺፕ ብዛት ሁለተኛው እኔ ነበርኩ። አንደኛው በቀኜ ተቀምጧል፤ ከእኔ እጥፍ ያህል አለው። በግራዬ ያለው ሰው ሦስት ብላይንድ ብቻ፣ ማለት ለሦስት ግዴታ የሚበቃ ቺፕ፣ ቀርቶታል፤ በሚቀጥለው እጅ፣ ማለት በሚቀጥለው ዙር፣ ትልቁን ብላይንድ የማስቀመጥ ተራው ደግሞ የእሱ ነው። ሌሎቹ ካርታቸውን ጥለው ከዚያ ዙር ወጡ፤ አንደኛው ግን ቺፑን በሙሉ ወደ መሐል ገፋ። እኔ አስና ንግሥት፣ ጠንካራ ካርታ፣ ይዣለሁ። ልቀበለው ካልኩ ያለኝን ሁሉ ማስያዝ አለብኝ።

እማዬ፣ እዚያች ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ልቡ እንዴት እንደሚመታ ልነግርሽ አልችልም። ያ ሰው ማንኛውንም ካርታ ይዞ ሊገፋ ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ አስና ንግሥት ከ100 ጊዜ 64 ያህሉን ያሸንፋሉ። ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ያስጠብቅሃል?» ይላል። ነገር ግን በውድድር መጨረሻ ላይ ቺፕ ገንዘብ አይደለም። ባሸንፍ ቺፔ እጥፍ ይሆናል፤ የሽልማት ድርሻዬ ግን እጥፍ አይሆንም፣ ምክንያቱም የአንደኛው ሽልማት እንኳ የውድድሩ ገንዘብ ሁሉ አይደለም። ብሸነፍ ግን ሦስት ብላይንድ የቀረው ሰው ተቀምጦ እያየ፣ እኔ ከእሱ በፊት እወጣለሁ። የማጣው ከማገኘው ይበልጣል። የገፋውም ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ የገፋውም ስለሚያውቅ ነው።

ዓይኑን አላየሁም። የቺፑን ቁልል፣ ከዚያ በግራዬ ያለውን ሰው ሦስት ብላይንድ አየሁ። ካርታዬን ሳልገልጥ ወደ ካርታ አዳዩ ጣልኩ። ሰውዬው ሰባትና ሦስት፣ ደካማ ካርታ፣ እንደ ያዘ ገልጦ አሳየኝ፤ በዙሪያው የቆሙት ሳቁ። ፊቴ ጋለ፤ ነገር ግን አልተጸጸትኩም፣ ዛሬም አልጸጸትም። በሚቀጥለው እጅ በግራዬ ያለው ሰው ወጣ። ያቺ አንዲት ደረጃ ብቻዋን ለዓይንሽ ሕክምና የሚበቃውን አመጣች። አስና ንግሥት በመጣሌ የመጣ ገንዘብ ነው፣ እማዬ።

ከዚያ በኋላ የሚረባ ካርታ አልመጣልኝም፤ ብላይንዱ አደገ፤ ስምንት ብላይንድ ቀረኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም ውድድር ጃክ ስትራውስ የሚባል ሰው አንድ ቺፕ ብቻ ቀርቶት ተመልሶ ማሸነፉን ተጫዋቾች ሁሉ ያወሳሉ። አንድ ቺፕና አንድ ወንበር ካለህ ተስፋ አለህ ይላሉ። እኔ ይህን ወሬ አልወደውም። አንድ ቺፕ ቀርቷቸው የወጡትን ማንም አይቆጥራቸውም። ስምንት ብላይንድ ያለው ሰው ገና የሚፈራ ነው፤ ሲገፋ ሌላው ሊሸሽለት ይችላል። ሁለት ብላይንድ የቀረውን ግን ማንም አይሸሸውም። ቀድሞ የሚገፋ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ሌላው ካርታውን ይጥልለታል፣ ወይ በካርታው ያሸንፋል። ለሚቀበለው ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ካርታቸውን ጥለው ከፊቴ አንድ ሰው ሲቀር፣ ንጉሥና ዘጠኝ ይዤ ያለኝን ሁሉ ገፋሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰውዬው ሁለት ስምንት ይዞ ተቀበለኝ። ከ100 ጊዜ 45 ያህሉ የእኔ ነበር፤ ያን ቀን ግን ንጉሥም ዘጠኝም አልወጣም። አራተኛ ሆኜ ተነሣሁ፤ ያገኘሁትንም ሳልነካ ላክሁላችሁ። ዕድል አልነበረበትም ብዬ አልዋሽሽም። ግን ዓይኔን ጨፍኜ አልተጫወትኩም። ይህን እመኚኝና ተከሚበት።

እትዬ፣ እዚህ ላይ አቁሚ። የቀረውን ለብቻሽ አንብቢው።

«ማንንም አላታለልኩም» ያልኩት ሐሰት ነው። ከሁለት ወር በፊት ሥራ ቀንሷል ብዬ ጻፍኩልሽ። ሥራ አልቀነሰም ነበር። ሐኪሙ ለእማዬ ቀን ሲሰጣት ያጠራቀምኩት ገንዘብ ለሕክምናው ትንሽ ጎደለ፤ በዚያው ሳምንት የታናሽ እህታችን የሠርግ ቀን መቆረጡን ሰማሁ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ልወጣ ብዬ የእማዬን ገንዘብ መግቢያ አደረግኩት። በእንዲህ ያለ ውድድር ሽልማት የሚያገኘው ከ10 ሰው አንዱ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ይህን አውቅ ነበር። ለአስና ለንግሥት ያን ያህል ያሰላሁ ሰው መግቢያውን ስከፍል ምንም አላሰላሁም። ቀኗ አልፎ ሁለት ወር ጨለማ ውስጥ የቆየችው በእኔ ነው። ገንዘቡ ተመልሶ መጣ ብዬ ራሴን ላጽናና አልቻልኩም፤ ባይመጣስ ኖሮ?

ደግሞም ልንገርሽ፦ እናንተ የምትጽፉልኝ ገንዘብ ሲዘገይ ብቻ ነው። «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚል ደብዳቤ ከመጣልኝ ስንት ጊዜ ሆነ? ... ይቅር በይኝ እትዬ። ቀንም ሌትም ከእማዬ ጎን ያለሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ ገንዘብ እየላኩ ጀግና ልሆን አልችልም። ያን ሌሊት ከአዳራሹ ስወጣ ለአንድ ሰው «አራተኛ ወጣሁ» ማለት አማረኝ። ስልኬን አወጣሁ፤ እናንተ ተኝታችኋል። እማዬ በር ላይ ቆማ ስሜን ስትጠራ የምሰማት መሰለኝና በመንገዱ መሐል ቆምኩ።

ሙሽራዋ እንዴት ናት? ስሄድ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር፤ ስሜን በሥርዓት መጥራት አትችልም ነበር። ሰውየው ያዳምጣታል? ስትናገር አያቋርጣትም? ይህን ብቻ ጻፊልኝ። ለሠርጉ መምጣት አልችልም፤ ምክንያቱን አትጠይቂኝ፣ እሷም እንዳታዝንብኝ አንቺ አስረጂያት። ከላክሁት የእማዬ ሕክምና ይቅደም፤ የተረፈው ሁሉ የእሷ ነው። ወደ ውድድር አልመለስም፤ ይህን የምልሽ ስለ ጠየቅሽኝ አይደለም።

ፋሻዋ የሚፈታበትን ሰዓት አስቀድመሽ አሳውቂኝ፤ ሥራ ላይ ብሆንም በስልክ በምስል እደውላለሁ። እስከ ዛሬ ስታነጋግረኝ በድምፄ ብቻ ነበር የምታውቀኝ። ከስቻለሁ፤ ጠጉሬም ሸብቷል። እንዳትደነግጥ ቀድመሽ ንገሪያት።

ወንድምሽ