«ለምን ብቻሽን ተሳፈርሽ?»፦ ለሕዝብ ትራንስፖርት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በመዝገብ ቤታችሁ በኩል ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ ነው። መዝገብ ቤቱ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» አለኝ። የሚመለከተው ክፍል ወደ ስምሪት፣ ስምሪት ወደ ቅሬታ ሰሚ፣ ቅሬታ ሰሚው መልሶ ወደ መዝገብ ቤት ላከኝ። ስደውል «በሂደት ላይ ነው» እባላለሁ። ጉዳዩን ማን እንደያዘው የሚነግረኝ ግን የለም።

የሆነው ይህ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ፈቃድ በሰጠው አውቶቡስ ብቻዬን ተሳፈርኩ። የመረጥኩት ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያደርሰኝን ነበር። አውቶቡሱ ግን ወንበሩ እስኪሞላ ድረስ በመናኸሪያው ውስጥ ለሰዓታት ቆመ፤ ተቆጣጣሪዎቻችሁ እያዩ። መንገድ ላይ መሸ። ተሳፋሪው በየቦታው እየወረደ ጥቂት ሰዎች ስንቀር ረዳቱ መጥቶ «ከዚህ በላይ አንሄድም፣ ውረጂ» አለኝ። መድረሻው መናኸሪያ እንደሆነ የሚናገረውን ቲኬቴን አሳየሁት። አላየውም። ሻንጣዬ ከእኔ ቀድሞ መሬት ላይ ተጣለ። በእኩለ ሌሊት፣ መብራት በሌለው አውራ ጎዳና ዳር፣ በማላውቀው ከተማ መግቢያ ላይ ቀረሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ወንዶች የተሳፈሩበት መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ ከጎኔ መሄድ ጀመረ። «ግቢ፣ እናድርስሽ» ይሉኛል። እምቢ ስል ይስቃሉ። በሩቁ ወደሚታየው የነዳጅ ማደያ መብራት እስክደርስ ድረስ አልተለዩኝም። የማደያው ጥበቃ ዱላውን ይዞ ወጥቶ ፊት ለፊታቸው ባይቆም ኖሮ ምን እንደሚሆን እርስዎም እኔም እናውቃለን። ያ ሰው የእናንተ ሠራተኛ አይደለም፤ ደመወዝ የሚከፈለው ነዳጅ ለመጠበቅ ነው። እስኪነጋ ወንበሩን ለቆልኝ ራሱ ቆሞ አደረ።

ክቡር ኃላፊ፣ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የሚሰጠውን ምክር ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ፈጽሜዋለሁም። የምሄድበትን መስመርና የምደርስበትን ሰዓት ለቤተሰቤ ነግሬያለሁ። የአውቶቡሱን ሰሌዳ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ልኬያለሁ። ማረፊያዬን አስቀድሜ ይዣለሁ፣ ገንዘቤን ለሁለት ከፍዬ አስቀምጫለሁ፣ የመታወቂያዬን ቅጂ ከዋናው ለይቼ ይዣለሁ፣ ስልኬን ሞልቼ ወጥቻለሁ። ከዚህ በላይ አንድ ተሳፋሪ ማድረግ የሚችለው ነገር ካለ ንገሩኝ። አውቶቡስ በሰዓቱ እንዲነሣ ማስገደድ አልችልም። ሹፌር ከመድረሻው በፊት መንገደኛ እንዳያራግፍ መከልከልም አልችልም። ይህን ማድረግ የሚችለው መሥሪያ ቤታችሁ ብቻ ነው፤ የተቋቋመውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ሌሊት ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን በማግስቱ በቢሮአችሁ የገጠመኝ ነው። የቅሬታ ተቀባዩ የመጀመሪያ ጥያቄ «ከማን ጋር ነበርሽ?» የሚል ነበር። ብቻዬን እንደነበርኩ ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። «ለምን ብቻሽን ተሳፈርሽ? ሴት ልጅ በዚያ ሰዓት ብቻዋን ምን ትሠራለች?» አለኝ። የሰሌዳውን ፎቶ ለማየት እጁን አልዘረጋም። የሹፌሩን ጥፋት ልከስ ገብቼ የራሴን ጉዞ ሳስረዳ ዋልኩ።

ሰው ለሥራ ብቻውን ይጓዛል፤ ለሕክምና፣ ለትምህርት፣ ለለቅሶ፣ አገር ለማየት ብቻውን ይጓዛል። ለምን እንደሚጓዝ ለቅሬታ ተቀባይ የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ከቦታ ቦታ የመዘዋወር ነፃነት እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 13 ላይ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1979 የጸደቀው በሴቶች ላይ የሚደረግ መድልዎን የማስወገድ ስምምነትም በአንቀጽ 15 ይህ መብት ለወንድና ለሴት እኩል እንደሆነ ይደነግጋል። ከአጃቢ ጋር ብቻ የሚል ቃል በሁለቱም ውስጥ የለም።

አጃቢ ያድናል የሚለው እምነት ራሱ ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በዴልሂ አውቶቡስ ውስጥ የጭካኔ ጥቃት ተፈጽሞባት ሕይወቷን ያጣችው ተማሪ ብቻዋን አልነበረችም፤ ወንድ ጓደኛዋ አብሯት ነበር፣ እሱንም ደበደቡት። አውቶቡሱ በዚያ መንገድ ላይ ተሳፋሪ እንዲጭን ፈቃድ አልነበረውም። ማየት የነበረበት ሳያየው፣ ማስቆም የነበረበት ሳያስቆመው አለፈ። ከዚያ ጥፋት በኋላ በቀድሞው የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ በቨርማ የተመራው ኮሚቴ ስለ ወንጀል ሕጉ መሻሻል ሰፊ ሪፖርት አዘጋጅቶ ያቀረበው በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ነው። እናንተ ለአንድ ገጽ ደብዳቤ መልስ አልጻፋችሁም።

በካናዳዋ የሞንትሪያል ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በምሽት ብቻዋን የምትጓዝ ሴት በሁለት ፌርማታዎች መካከል፣ ለመድረሻዋ በሚቀርበው ቦታ እንዲያወርዳት ሹፌሩን መጠየቅ ትችላለች። ለዚህ አዲስ ተሽከርካሪ አልተገዛም፣ አዲስ መንገድም አልተሠራም። ለሹፌሮች መመሪያ ተሰጠ፣ መመሪያው ተከበረ። እዚያ የምትወርድበትን ቦታ የምትመርጠው ተሳፋሪዋ ናት፤ እኔን የጣለኝ ሹፌሩ በመረጠው ጨለማ ውስጥ ነው።

ብቻውን የሚጓዝ ሰው በራሱ እንዲተማመን ከፈለጋችሁ በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ «ተጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ አይበቃም። መተማመን የሚመጣው አውቶቡሱ በተባለው ሰዓት ሲነሣ፣ ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ቦታ ሲደርስ፣ በመስኮቱ ላይ የተጻፈው የቅሬታ ስልክ ሲደወል ሰው ሲያነሣው ነው። እኔ በዚያ ሌሊት ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ።

አሁን የምጠይቀው ግልጽ ነው። የዚያ አውቶቡስ የስምሪት መዝገብ ይውጣ። መነሻ ሰዓቱ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ፣ መናኸሪያ ያልደረሰው አውቶቡስ እንደደረሰ ተደርጎ ተፈርሞለት እንደሆነ፣ ተፈርሞም ከሆነ ማን እንደፈረመ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። ሹፌሩና ረዳቱ ዛሬም በዚያው መስመር እየሠሩ እንደሆነ ይነገረኝ። የቅሬታ ተቀባዮቻችሁም አቤቱታ ለማቅረብ የመጣን ሰው «ለምን ብቻህን? ለምን ብቻሽን?» ብለው እንዳይጠይቁ በፊርማዎ ትእዛዝ ይስጡ። የሰሌዳው ቁጥር፣ ፎቶው፣ ቲኬቱ እና የደብዳቤዎቼ የገቢ ቁጥሮች መዝገብ ቤታችሁ ውስጥ አሉ፤ ሠራተኞችዎ ይፈልጓቸው።

መልሱን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ብቻዋን የተጓዘችው ተሳፋሪ