የአዳማን መሬት ማን ይለካ? የምድር ሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮም ዓርብ ዓርብ ተሰብስቧል፣ አዲስ አባላት መዝግቧል፣ በሰልፍ ሰዓት ትምህርት ሰጥቷል። ዝርዝሩ በቃለ ጉባኤው አለ። እኔ መጻፍ የምፈልገው ስለ መንቀጥቀጡ ነው።

ከፈንታሌ ተራራ በኩል የሚነሳው ንዝረት አዳማን ስንት ሌሊት እንዳስበረገገ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ታኅሣሥ 26 ንጋት ላይ ከ5.5 በላይ የሆነው ከእንቅልፋችን ቀሰቀሰን፤ የካቲት 7 ማታ ደግሞ 6 የደረሰው መጣ። በመካከሉ «ዛሬ በዚህ ሰዓት ይመጣል» የሚል ወሬ በቴሌግራም ሲዞር፣ ሰዓት ቆርጦ የሚተነብይ ሳይንስ እንደሌለ አባሎቻችን በየክፍሉ እየዞሩ አስረድተዋል። ልጆችን ማስፈራራት ነው ያሉን አልጠፉም። እኔ ያየሁት ግን ፈርተው የነበሩ ልጆች መለካት ሲጀምሩ መረጋጋታቸውን ነው።

በዜና የምንሰማው «6» የሚለው ቁጥር ከምንጩ የወጣውን ጉልበት እንጂ አዳማ ላይ መሬቱ ምን ያህል እንደተናወጠ አይነግረንም። ፎቅ ለሚሠራ መሐንዲስ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው፤ ማለትም የመሬቱ ፍጥንጥነት ከስበት ጋር ሲነጻጸር። ደካማ ንዝረት ለማዳመጥ የተሠራ ሲስሞሜትር ኃይለኛ መናወጥ ሲመጣበት ከልኩ ያልፍና የመስመሩ ጫፍ ይቆረጣል። ለዚህ የሚሆነው ኃይለኛ ፍጥንጥነትን የሚመዘግበው አክስሌሮግራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 በካሊፎርኒያዋ ኤል ሴንትሮ የተመዘገበውን፣ ከስበት አንድ ሦስተኛ ያህል የደረሰውን መዝገብ ተማሪዎቹ በስኩዌር ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ሥለውታል።

ከሁሉ ይበልጥ ያከራከራቸው ግን ሜክሲኮ ሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ከተማዋን የመታው መንቀጥቀጥ ምንጩ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። አለት ላይ ያለው ጣቢያ ከስበት 3 በመቶ ገደማ ሲመዘግብ፣ በጥንቱ ሐይቅ ጭቃ ላይ ያለው 17 በመቶ ገደማ መዘገበ። ጭቃው በ2 ሰከንድ አንዴ ይወዛወዝ ስለነበር ከእሱ ጋር እኩል የሚወዛወዙት መካከለኛ ፎቆች ክፉኛ ተጎዱ። ልጆቹ በካርቶን ኮንዶሚኒየሞች ሠርተው፣ ጣውላ ላይ አቁመው እየነቀነቁ በዓይናቸው አረጋገጡት። ከዚያ የመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ የእኛ ሰፈርስ ምን ላይ ነው የቆመው?

ወደ አዲስ አበባ ያሰብነው ጉብኝት በመኪና እጦት ቀረ፤ በምትኩ ወንጂ ሄድን። የስምጥ ሸለቆውን ወለል የሚሰነጣጥቀውን ቀበቶ ጂኦሎጂስቶች በወንጂ ስም እንደሚጠሩት ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር፤ የምናውቀው ስኳሩን ነው።

የካቲት 10፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንዲት የ10ኛ ክፍል አባላችን ከሰልፍ በፊት እየሮጠች መጣች። ስልክ ማስገባት ክልክል ስለሆነ የእናቷን ስልክ በር ላይ ለጥበቃው ሰጥታ ነበር፤ ተከትያት ሄድኩ። ዓርብ ማታ ስታጠና፣ ስልኩ ሲናወጥ የሚመዘግበውን ፊፎክስ የተባለ ነጻ መተግበሪያ ከፍታ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀውን ስልክ ሲሚንቶው ወለል ላይ አስቀምጣዋለች። 5 ሰዓት ተኩል ገደማ መሬቱ ሲናወጥ ቤተሰቡ ወደ ግቢ ሮጠ፤ ስልኩ ብቻውን ቀርቶ መመዝገቡን ቀጠለ።

መስመሩን በጣቷ እየተከተለች «ቲቸር፣ ይቺ ትንሿ ፒ ናት» አለችኝ። «እዚህ ጋ ኤስ መጣ። ይሄ ጥቅጥቅ ያለው ደግሞ መሬቱ አይደለም፣ እኛ ስንሮጥ ነው። ይሄ አባዬ ነው፣ ትንሹን ወንድሜን አቅፎ።»

ቀድሞ በሚደርሰው ፈጣን ማዕበል፣ በፒ፣ እና ዘግይቶ በሚደርሰው በኤስ መካከል 15 ሰከንድ ያህል ነበር። እያንዳንዱ ሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ስለሚያመለክት በ8 ስናባዛው 120 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ካርታ ላይ በኮምፓስ ስናዞረው መስመሩ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል አለፈ። ፒንና ኤስን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ሥያለሁ፤ አንድ ቤተሰብ ወለል ላይ ሲደርሱ ግን ገና ማየቴ ነበር። ድምፄ እየተቆራረጠብኝ ነበር «ጎበዝ» ያልኳት።

ይሁን እንጂ የምንፈልገውን ዋናውን ቁጥር፣ ትልቁን ፍጥንጥነት፣ ከዚያ መዝገብ ማውጣት አልተቻለም፤ ከእግር ኮቴ ጋር ተደባልቋል። የሌሎቹ አባላት ስልኮች ወይ ኪስ ውስጥ ነበሩ ወይ ባትሪያቸው አልቆ ነበር። ከወለል ጋር በብሎን የታሰረ፣ ሰው ሲሮጥ የማይነካው መሣሪያ ያስፈልገናል።

ለእግር ኳስ ቡድናችን ማሊያ ሲገዛ ከልብ ደስ ብሎናል፤ ለመለኪያ ስንጠይቅ ግን «በጀት የለም» መባሉ ተማሪዎቹን አሳዝኗል። የጠየቅነው ራስበሪ ሼክ የሚባለውን አነስተኛ መሣሪያ፣ ፍጥንጥነት የሚለካ አክስሌሮሜትር ያለበትን ዓይነት፣ አንድ ብቻ ነው። ቢቻል ሁለተኛውን አፈሩ በሚለይበት ሌላ ሰፈር ተክለን ማነጻጸር እንወዳለን። የቤተ መጻሕፍቱ የምድር ወለል ጥግ ተፈቅዶልናል፤ መብራት አለው፣ ኢንተርኔቱ ግን ገና ነው። መርዳት የሚፈልግ ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በኩል በደረሰኝ መስጠት ይችላል። መስከረም ላይ መሣሪያው ከተገኘ፣ መትከያውን መሠረት አባላቱ ራሳቸው ይሠራሉ።