ሼቬሏ ተነሳች፦ የአውቶሞቲቭ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የአውቶሞቲቭ ክበብ ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ ነው፤ የ1970 (እዚህ ያሉት የመኪና ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሼቭሮሌ ሼቬል ሞተር መቀየር። ከጂምናዚየሙ ጀርባ ባለው ጋራዥ በኩል ያለፈ ሁሉ መኪናዋን ያውቃታል። ኮፈኗ ተነቅሎ፣ ፊቷ ክፍት ሆኖ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ቆማለች። "ይቺ ነገር እውነት ትነሳለች?" ብለው የጠየቁን ብዙ ናቸው። አዎ፣ ተነስታለች። እንዴት እንደተነሳች ልንገራችሁ። የሚቀራትንም እናገራለሁ፤ የሚቀራት ነገር የእናንተን እጅ ይፈልጋልና።

መኪናዋን የሰጠን የአንድ የቀድሞ ተማሪያችን ቤተሰብ ነው። ስትመጣ 307 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 5 ሊትር የሆነ ቪ8 ሞተር ነበራት። ካምቢዮዋ ፓወርግላይድ የሚባለው ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ሞተሩን ስንፈታው ብሎኩ ተሰንጥቆ አገኘነው። ተበይዶ የሚድን ዓይነት ስንጥቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ለአንድ ቅሬታ መልስ መስጠት አለብኝ። የድሮ መኪና የሚወዱ አንዳንድ ወላጆችና ባልደረቦች "ታሪካዊ መኪና አበላሻችሁ" ብለውናል። ስሜታቸው ይገባኛል። ከ1968 ጀምሮ የሼቭሮሌ እናት ኩባንያ የሆነው የጄኔራል ሞተርስ ሞተሮች ላይ የሻንሲው ቁጥር ከፊሉ ይመታ ነበር። በዚህም ሞተሩና መኪናው አብረው መወለዳቸው ይታወቃል። ልጆቹ መጀመሪያ ያደረጉት ይህንን ማመሳከር ነው። ዝገቱን በብሩሽ አጽድተው ቁጥሩን አነበቡ፣ ከሻንሲው ጋር አስተያዩት። አልገጠመም። እኛ እጅ ከመግባቷ በፊት ሞተሯ ተቀይሯል ማለት ነው። 396 ወይም 454 ሞተር ከነቁጥሩ ይዛ የመጣች ኤስኤስ፣ ማለትም ጉልበተኛዋ የሼቬል ዓይነት፣ ብትሆን ኖሮ አንድ ብሎን እንኳ እንዲነኩ አልፈቅድም ነበር።

ደግሞም ማስል ካር የሚባለው ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪና ራሱ የመጣው ትልቅ ሞተር ያልታሰበለት መኪና ውስጥ ከማስገባት ነው። ጄኔራል ሞተርስ መካከለኛ መኪኖቹ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ የሆነ ሞተር እንዳይገጠምላቸው የሚከለክል የውስጥ ደንብ ነበረው። የዚሁ ኩባንያ ክፍል የሆነው የፖንቲያክ መሐንዲሶች፣ ጆን ዲሎሪያን አንዱ ነበር፣ የትልቁን መኪና 389 ሞተር ለመካከለኛዋ ቴምፔስት እንደ ተጨማሪ ምርጫ አቀረቡት። የ1964 ጂቲኦ እንዲህ ነው የተወለደችው። ልጆቻችን የዚያን ሥራ መንገድ ነው የተከተሉት።

መደበኛ ስብሰባዎቻችን ረቡዕና ዓርብ ከትምህርት በኋላ ነበሩ። የደህንነት ትምህርት ተሰጠ፣ ቡድን ተመደበ፣ የመሣሪያ ቆጠራ ተደረገ። ዝርዝሩ በክበቡ መዝገብ ስላለ እዚህ አልደግመውም።

ስለ ሞተሩ ምርጫ ግን መናገር አለብኝ፤ ጦፈው የተከራከሩበት እሱ ላይ ነበርና። ቀላሉ መንገድ ካርቡሬተር ያለው የድሮ 350 ሞተር መፈለግ ነበር። የሼቭሮሌ ስሞል ብሎክ ከ1955 ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ቤተሰብ ነው፤ 350ውም 307ቱም ከዚያው ናቸው። ስለዚህ 350 ብናገኝ ያለ ብዙ ጣጣ ቦታው ላይ ይቀመጥ ነበር። ከባዱ መንገድ በ1997 ኮርቬት ላይ ብቅ ካለው ከኤልኤስ ቤተሰብ አንዱን፣ የፒክአፕ 5.3 ሊትሩን ማምጣት ነው። ድምፅ ተሰጠ፣ ከባዱ አሸነፈ። እኔም ደገፍኩ። ዛሬ መንገድ ላይ ያለው መኪና በሴንሰርና በኮምፒውተር ነው የሚሰራው። እነዚህ ልጆች ሲመረቁ ካርቡሬተር ብቻ አውቀው እንዲወጡ አልፈልግም።

ሞተሩን ያገኘነው የተጋጩ መኪኖች ከሚፈቱበት ግቢ ነው። ከኋላ የተመታ የ2001 ፒክአፕ ነበር፤ ፊቱ ምንም አልሆነም። ወላጆች በራሳቸው መኪና ባያደርሱን ኖሮ ያ ጉዞ አይኖርም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ለልጆቹ የሰጠኋቸው ትእዛዝ አንድ ነው፤ አንድም ሽቦ አይቆረጥም። ሞተሩ ከነካምቢዮው፣ ከነኮምፒውተሩና ከነሽቦው ነው የሚወጣው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ይዛ ከኮፈኑ ስር ገባች። እያንዳንዱ ሶኬት ከመነቀሉ በፊት ቁጥር ሰጠችው። የሽቦውን ቀለም፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ጻፈች። ሌሎቹ ብሎን ለመፍታት ሲሻሙ እሷ ቀና ብላም አላየችም። ይቺን ልጅ ያዙልኝ።

ሞተር መቀየር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት ነው። ማስገባቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሚራራቁ ሁለት መኪኖችን ማስማማት ነው ጉዳዩ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ርቀት በድሮውም በአዲሱም ያው 4.4 ኢንች ነው። ከዚያ ውጪ የሚመሳሰል ነገር ጥቂት ነው። የሞተር መቀመጫው ቦታ ይለያያል፣ ስለዚህ አስማሚ ብረት ያስፈልጋል። የፒክአፑ የዘይት ቋት ጥልቅ ነው፤ ሼቬል ላይ ሲገባ ከሻንሲው በታች ተንጠልጥሎ መሬት ሊነካ ይደርሳል። ሞተሩን አስገብተን፣ አይተን፣ መልሰን አወጣነው። ለመኪናዋ የሚስማማ ዝቅ ያለ ቋት እስኪመጣ ብዙ ጠበቅን።

ነዳጁም ሌላ ጣጣ ነበር። ካርቡሬተር ከግማሽ ባር ያነሰ ግፊት ይበቃዋል። ይህኛው ሞተር ወደ 4 ባር ይፈልጋል። ስለዚህ ታንከር ውስጥ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ ግፊት የሚችል ቱቦና የትርፉ ነዳጅ መመለሻ መስመር ተሰራ። አሮጌው ታንከር ውስጡ በዝገት ተበልቶ ስለነበር እሱም ተቀየረ። ካምቢዮው 4ኤል60ኢ የሚባለው ባለ አራት ማርሽ ነው፤ ከፓወርግላይድ ይረዝማል። ካርዳኑ ቶርኖ ቤት ሄዶ አጠረ፣ ካምቢዮውን የሚሸከመው ብረትም ወደ ኋላ ተገፋ። ልዩነቱ ግን ልፋቱን ይክሳል። የፓወርግላይድ አንደኛ ማርሽ ሬሾ 1.82 ነበር፤ የዚህኛው 3.06 ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ መኪናዋ ስትነሳ ጉልበት ታገኛለች። አራተኛው ደግሞ 0.70 ስለሆነ ረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ ሳይጮህ ይሄዳል።

የሒሳብ ክፍል ባልደረቦቼ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሁለቱን ሞተሮች የፈረስ ጉልበት አነጻጸረ። የ1970ው 307 ሞተር 200 ይላል፤ የ2001ዱ 285። "85 ብቻ ነው የጨመርነው?" አለ፣ ቅር ብሎት። ከዚያ ራሱ ሄዶ አነበበ። እስከ 1971 የሚጻፈው ቁጥር የሚለካው ሞተሩ ብቻውን መለኪያ ላይ ተቀምጦ፣ ያለ መኪናው ማርሚታና ያለ ሌሎች ጉልበት የሚሻሙ ዕቃዎች ነበር። ከ1972 ወዲህ ግን ዕቃው ሁሉ እንደተገጠመ ይለካል። ስለዚህ እውነተኛው ልዩነት ከ85 ይበልጣል። በሚቀጥለው ስብሰባ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ለሁሉም አስረዳ።

መሰናክል አልጠፋም። የሞተር ማንሻ ክሬን ስለሌለን በውሰት ነው የሰራነው፤ ባለቤቱ ሲፈልገው ሥራው ይቆማል። የብልሽት ኮድ የሚያነበው ስካነርም የሰው ነው። ፈተና ሲመጣ ጋራዡ የወንበር ማከማቻ ይሆናል፤ ያኔ ልጆቹ መኪናዋ አጠገብ መድረስ እንኳ አይችሉም። ሁለት ጠንካራ አባላትም በዚህ መሰላቸት ለቀዋል። የኳስ ክበብ ሜዳ ላይ ወንበር አይደረደርም።

አሁን ወደዚያች ልጅ ልመለስ።

መጀመሪያ ልናስነሳት የሞከርን ቀን ጋራዡ ሞልቶ ነበር። አባል ያልሆኑም መጥተዋል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ደከም ብሎ አዞረ፣ ሞተሩ ግን አልተነሳም። ነዳጅ አለ፤ ግፊቱ በጌጅ ታየ። ትልልቆቹ ልጆች ካንዴላ መፍታት ጀመሩ። አንዱ የድሮውን ስሞል ብሎክ አቀጣጠል ቅደም ተከተል፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ በየተራ የሚተኩሱበትን፣ በቃሉ ያውቃል፤ 1-8-4-3-6-5-7-2። የኮይሎቹ ሽቦ በዚያ መሠረት ካልተስተካከለ ብሎ ድርቅ አለ። የኤልኤስ ቅደም ተከተል ግን 1-8-7-2-6-5-4-3 ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ካንዴላውን የሚያቀጣጥል የራሱ ኮይል አለው፣ እሳቱን ለሁሉም የሚያከፋፍል ዲስትሪቢውተር የለውም። ክርክሩ ተነሳ። ስካነሩ አንዴ ይገናኛል፣ አንዴ ይጠፋል። ተመልካቹ መበተን ጀመረ።

ያቺ ልጅ ከጥግ ደብተሯን እያገላበጠች ነበር። ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ናት። መጥታ አጠገቤ ቆመች። "ቲቸር፣ ማሳውን ልለካው?" አለችኝ። ለኪው አልኳት። ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር ነው። የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሲሊንደር ሄዱ ላይ አደረገች። "አሁን አስነሱ" አለች። ሞተሪኖው ሲዞር መለኪያው ከአንድ ቮልት በላይ አሳየ። ማሳው ደህና ቢሆን ዜሮ ሊባል የሚቀርብ ቁጥር ነበር መታየት ያለበት። ደብተሯን ገለጠች። የኮምፒውተሩ ማሳ ሽቦዎች ሲሊንደር ሄዱ ጀርባ ላይ እንደሚታሰሩ ከፒክአፑ ስትነቅል ጽፋዋለች። እነሱ ቦታቸው ላይ ናቸው። ችግሩ ከሞተሩ ወደ ሻንሲና ወደ ባትሪ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ላይ ነው። የሞተር ክፍሉን ልጆቹ አሳምረው ቀብተውት ነበር። ገመዱ የታሰረው ቀለሙ ላይ ነው።

ማንንም አልጠበቀችም። ብሎኑን ፈታች፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ፋቀችው፣ መልሳ አጠበቀችው። ሌላ ማሳ ገመድም ከሞተሩ ወደ ቦዲው ጨመረች። ካንዴላ ሲፈቱ የነበሩት ልጆች ቁልፋቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው ያዩዋት ጀመር። ስካነሩ ያለ መቆራረጥ ተገናኘ። ከዚያ ቁልፉን የሚያዞረው ማን ይሁን የሚል ጥያቄ እንኳ አልተነሳም። ትልልቆቹ ራሳቸው በሩን ከፈቱላት።

ሞተሩ ወዲያው ያዘ። ማርሚታው ገና ስላልተገጠመ ድምፁ ጂምናዚየሙ ድረስ ተሰማ፤ የስፖርት መምህሩ ሮጠው መጡ። ልጆቹ ጮኹ። እሷ ግን መሪው ጀርባ ተቀምጣ መጀመሪያ ያየችው የዘይት ግፊት ጌጁን ነው። "ዘይት አለ" አለች፣ ጮክ ብላ። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። የዚያን ቀን እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኛል።

አሁን ስለሚቀረው ልናገር። ሼቬሏ ትነሳለች፣ በጋራዡ በር ወጥታ ትመለሳለች። መንገድ ላይ ግን አትወጣም። የፊት ፍሬኖቿ ዛሬም የ1970ዎቹ ባለ ከበሮ ናቸው። ሲደጋግሙ ይግላሉ፣ ሲግሉ ይለግማሉ። ጉልበቷን ጨምረን ፍሬኗን እንዳለ ትተን ልጅ አላስቀምጥባትም፤ በዚህ ድርድር የለም። የሚያስፈልገን የፊት ዲስክ ፍሬን ከነካሊፐሩ፣ ለእሱ የሚሆን ማስተር ሲሊንደርና አዲስ የፍሬን ቱቦ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የራሳችን ስካነር። ከዚያ ደግሞ ለፈተና ወንበሮች ሌላ ክፍል።

የዲስክ ፍሬን ዕቃ ያለው፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ያናግረኝ፤ ፈትሸን እንወስናለን። በገንዘብ መርዳት የሚፈልግ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል በክበቡ ስም ያስገባ፣ ደረሰኝ ይሰጠዋል። ሞተር ማንሻ የሚያውስ ካለ ለመመለሻው ቀን እኔ እፈርማለሁ።

የኤሌክትሪክ ቡድኑን በሚቀጥለው ዓመት የምትመራው ባለ ደብተሯ ናት፤ አባላቱ በአንድ ድምፅ መርጠዋታል። አዲስ አባላትን ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ረቡዕ ጋራዡ በር ላይ እንመዘግባለን። መኪና ነክቶ የማያውቅም ይምጣ፤ ጓንትና መነፅር እኛ ጋ አለ።