ዲናሞው በነጻ አይዞርም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ውሃን ወደ ጋዝ በመለወጥ የመኪናን የነዳጅ ፍጆታ በግማሽ ይቀንሳል ስለሚባለው መሣሪያ በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ በተደጋጋሚ ሲጻፍ አነባለሁ። ጽሑፎቹ ስለ ፈጠራው ድንቅነት ብዙ ይላሉ፤ መሣሪያው ከመኪናው ስንት አምፒር ኤሌክትሪክ እንደሚስብ ግን አንድም ጊዜ ሲጠቅሱ አላየሁም። የምጽፈውም ስለዚሁ ስላልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

የመሣሪያው አሠራር ምሥጢር የለውም። ከኮፈኑ ሥር በሚታሰር ዕቃ ውስጥ የማይዝግ ብረት ዝርግ ቁራጮች ይደረደራሉ፤ ኤሌክትሪክ በቀላሉ እንዲያልፍበት ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ሶዳ የተጨመረበት ውሃ ይሞላበታል፤ ከባትሪው መስመር ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ውሃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይከፈልና ጋዙ በቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ ይሄዳል። ሻጮቹ ኤችኤችኦ የሚሉት ይህንኑ ቅልቅል ነው። አረፋው ሲንተከተክ ያየ ገዢ ቢያምን አልፈርድበትም፤ ጋዙ እውነተኛ ጋዝ ነው፣ እሳት ቢነካው ይፈነዳል።

ጉዱ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። ውሃ ማለት አስቀድሞ የተቃጠለ ሃይድሮጅን ነው፤ የዚያ እሳት አመድ ነው ቢባልም ያስኬዳል። አመዱን መልሶ ማገዶ ለማድረግ፣ ማገዶው ሲነድ የሰጠውን ኃይል ያህል፣ በተግባር ደግሞ ከዚያ በላይ መክፈል ግድ ነው። መኪና ውስጥ ከፋዩ ባትሪው ይመስለናል፤ ባትሪውን የሚሞላው ግን ዲናሞው ነው፣ ዲናሞውን በቺንጋ የሚያዞረው ሞተሩ ነው፣ ሞተሩ የሚሠራው ደግሞ ይቆጠባል በተባለው በዚያው ቤንዚን ነው።

በደቂቃ አንድ ሊትር ጋዝ የሚያወጣ፣ ደህና የሚባል መሣሪያ እንውሰድ። በ14 ቮልት 15 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ይህም 210 ዋት መሆኑ ነው። ከጋዙ ሁለት ሦስተኛው ሃይድሮጅን ሲሆን፣ ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀት 110 ዋት ገደማ ነው። ዲናሞው ከሚቀበለው ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 60 በመቶ ያህሉን ነው፤ ሞተሩም ቢሆን ከቤንዚኑ ሙቀት ወደ ጉልበት የሚለውጠው ሲቀናው 30 በመቶ ያህሉን በመሆኑ፣ ያንን 210 ዋት ለማግኘት ከ1,100 ዋት የሚበልጥ የቤንዚን ሙቀት ይወጣል። አሥር ሰጥቶ አንድ መቀበል ነው። በሰዓት 80 ኪሎሜትር እየተጓዘ በ100 ኪሎሜትር 6 ሊትር የሚበላ መኪና ደግሞ ከ40 ኪሎዋት በላይ የነዳጅ ሙቀት ያቃጥላል፤ የመሣሪያው ጋዝ ከዚህ ውስጥ ከሺህ ሦስት እጁን እንኳ አይሞላም።

ይህ ሲነገራቸው ሻጮቹ መንገድ ይቀይራሉ። ጋዙ ነዳጅ ሳይሆን ቤንዚኑ ተሟጦ እንዲቃጠል የሚያግዝ ነው ይላሉ። በጤናማ ዘመናዊ ሞተር ውስጥ ግን ሳይቃጠል የሚያመልጠው ቤንዚን ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን ነው፤ የሚባክነው ኃይል በአብዛኛው በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል የሚወጣው ሙቀት ነው። በማስረጃነት የሚጠቅሱት የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ጥናትም (እ.ኤ.አ. 1977) ሃይድሮጅኑን ያገኘው ከታሸገ ጋዝና ከሜታኖል እንጂ በመኪናው ዲናሞ ከተከፈለ ውሃ አይደለም። በነገራችን ላይ ውሃ ለሞተር ምንም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአንዳንድ የተዋጊ አውሮፕላን ሞተሮች፣ በኋላም ቢኤምደብሊው ኤም4 ጂቲኤስ በተባለው መኪና ሞተር ላይ ውሃ ይረጭ ነበር፤ እዚያ ግን የውሃው ሥራ የሚገባውን አየር አቀዝቅዞ ነዳጁ ያለ ጊዜው ነዶ ሞተሩ እንዳያንኳኳ መከላከል ነው።

ቆጠበልኝ ብለው የሚመሰክሩ አሽከርካሪዎች ይዋሻሉ ብዬ አላምንም። መሣሪያውን የሚገጥመው ሰው በዚያው እጁ ካንዴላ ይቀይራል፣ የአየር ማጣሪያ ያጸዳል፣ የጎማ ንፋስ ያስተካክላል፤ ገንዘቡን የከፈለው ባለቤትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነዳጅ መስጫውን በእርጋታ ይረግጣል። ለቁጠባው ይህ ብቻ ይበቃል። የከፋው ግን በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እየለካ ለመኪናው ኮምፒዩተር የሚናገረውን የኦክስጅን ሰንሰር የሚያታልል ትንሽ ሰርኪዩት አብሮ ሲታሰር ነው። የመኪናው ኮምፒዩተር ተታሎ ቤንዚን ስለሚቀንስ ፍጆታው የወረደ ይመስላል፤ የቤንዚንና የአየሩ ቅልቅል ሲሳሳ ግን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ብክለት ሊጨምር፣ ቫልቭም ሊቃጠል ይችላል። ያኔ ባለቤቱ የሚሄደው ወደ ሻጩ ሳይሆን ወደ ጋራዥ ነው።

ታሪኩ አዲስ አይደለም። ስታንሊ ሜየር የተባለ አሜሪካዊ በውሃ የምትሄድ መኪና ሠራሁ ብሎ ከሰዎች ገንዘብ ሰብስቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የኦሃዮ ፍርድ ቤት መሣሪያውን በባለሙያዎች አስመርምሮ ተራ ኤሌክትሮሊሲስ፣ ማለትም ከላይ ያልኩት ውሃን በኤሌክትሪክ መክፈል መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ድርጊቱን ማጭበርበር ነው ብሎ 25,000 ዶላር እንዲመልስ አዟል።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህን ነው። ስለ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከመጻፋችሁ በፊት የሚስበው አምፒር ይለካ፤ መኪናውም ነዳጁ በትክክል በሚለካበት የሙከራ ማሽን ላይ፣ የመሣሪያው ማብሪያ ይብራ ይጥፋ ነጂው በማያውቅበት ሁኔታ ይፈተሽ። ውጤቱ ከነአለካኩ ሲቀርብ አትሙት፤ እስከዚያ ግን ጽሑፉ በቴክኖሎጂ ገጹ ላይ ሳይሆን «ማስታወቂያ» የሚል ጽሑፍ ከላዩ ተደርጎበት ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንባቢያችሁ