«ካንሰርን በደም ምርመራ» ስለሚለው ማስታወቂያ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሐዋሳ ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ ስሄድ ከአንድ የግል ላቦራቶሪ በር በላይ የተሰቀለ ማስታወቂያ በየቀኑ አያለሁ። «ካንሰርን በደም ምርመራ አስቀድመው ይወቁ» ይልና ከሥሩ የአራት ምርመራዎችን ስም ደርድሮ በቅናሽ ዋጋ አንድ ላይ ያቀርባል። እኔ በዚህችው ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ በላቦራቶሪ ሙያ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ደም ስቀዳና ውጤት ስፈርም ስለኖርኩ የደም ምርመራን ለማጣጣል አልነሳም፤ እንጀራዬም ነበር። ቅር የሚለኝ ምርመራዎቹ የሚችሉትና የማይችሉት ነገር ለተገልጋዩ ሳይነገር መሸጣቸው ነው።

በማስታወቂያው ላይ የተዘረዘሩት ባለሙያው ቱመር ማርከር (የካንሰር ጠቋሚ) የሚላቸው፣ በደም ውስጥ የሚለኩ ንጥረ ነገሮች ናቸው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ካንሰር ብቻ የሚያመነጫቸው አይደሉም፤ ጤነኛ ሰውነትም በመጠኑ ያመነጫቸዋል፣ ሌላ ሕመም ሲኖርም ይጨምራሉ። ለምሳሌ ፒ ኤስ ኤ የሚባለው የፕሮስቴት ምርመራ በእርጅና ምክንያት ዕጢው ሲያብጥ፣ በኢንፌክሽን ሲቆጣ፣ ወይም በቅርቡ የሽንት ቱቦ ገብቶ ከነበረ ከፍ ይላል። ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ብስክሌት ለረጅም ሰዓት እንዳይነዳ የሚመከረውም ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል ነው፤ ብስክሌት በሞላበት በእኛ ከተማ ይህን የሚጠይቅ ላቦራቶሪ ግን ብዙም አልገጠመኝም። ውጤታቸው በሚሊ ሊትር ከ4 እስከ 10 ናኖግራም ከሆነ ወንዶች መካከል ከዕጢው የሥጋ ናሙና ሲወሰድ ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው። በአንጻሩ በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ውጤታቸው ከ4 ካልበለጠ አዛውንቶች መካከል 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ካንሰር አግኝቷል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ማለቱም ዝቅ ማለቱም ብቻውን ፍርድ አይሆንም።

ከዓመታት በፊት ከይርጋለም አካባቢ የመጡ አንዲት እናት ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ሰውነታቸው አልቆ፣ የእንቁላል እጢ ካንሰር ማርከር የሆነው የሲ ኤ 125 ውጤታቸው ከ400 በላይ ወጣ፤ የጤነኛ ጣሪያው 35 ነው። ልጆቻቸው ወረቀቱን ይዘው ግቢ ውስጥ ሲላቀሱ አይቻቸዋለሁ፤ ለአዲስ አበባ ሕክምና የቡና ማሳቸውን ለመሸጥ ገዢ መፈለግ ጀምረው ነበር። አንድ ጥንቁቅ ሐኪም ግን ከሆዳቸው ናሙና ሳይወሰድ ምንም ነገር እንዳይወሰን አሉ፤ የፓቶሎጂው መልስ የሆድ ቲቢ ሆነ። ስድስት ወር መድኃኒት ወስደው ዳኑ። ቲቢ ባለበት አገር ሲ ኤ 125ን እንደ ካንሰር ማረጋገጫ ማንበብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚያ ወዲህ አልረሳሁም። በእንግሊዝ ከ200,000 በላይ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለና በ2021 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ውጤቱ የወጣ ጥናትም በዚህ ምርመራና በአልትራሳውንድ ሴቶችን መፈተሽ በእንቁላል እጢ ካንሰር የሚሞቱትን ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

ከዚህ የባሰውን ስሕተት ግን የፈጸምኩት እኔ ራሴ ነኝ። አንዲት ወጣት ጡቷ ላይ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል እብጠት ይዛ መጥታ ሲ ኤ 15-3 የሚባለውን ምርመራ በራሷ ገንዘብ አሠራች። ውጤቱ ከገደቡ በታች ነበር። «ጋሼ፣ ነጻ ነኝ ማለት ነው?» ስትለኝ «ኖርማል ነው» አልኳት። ይህ ምርመራ ገና በጀመረ የጡት ካንሰር ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደማይጨምር በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ወረፋው ረጅም ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ስትመለስ የጡቷ ቆዳ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ ነበር። በዚያን ዕለት የሚያስፈልጋት የሐኪም እጅ፣ አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራፊ፣ ከዚያም የመርፌ ናሙና ነበር።

ምንም ምልክት የሌለውን ሕዝብ በጅምላ መመርመር ራሱን የቻለ የሒሳብ ችግርም አለው። ከአንድ ሺህ ሰዎች አምስቱ ካንሰር አለባቸው እንበል፤ ምርመራው ከታመሙት ዘጠና በመቶውን ቢያገኝና ከጤነኞቹ አምስት በመቶውን ብቻ በስሕተት ቢጠቁም፣ «አለብህ» ከሚባሉት ሃምሳ አራት ያህል ሰዎች ሃምሳዎቹ ጤነኞች ናቸው። እነዚያ ሃምሳዎች ሲቲ ስካን ያነሣሉ፣ ይበደራሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ። ይህ ቁጥር ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኩት ነው፤ ነገር ግን በሽታው በተመርማሪዎቹ መካከል ጥቂት በሆነ መጠን የሐሰት ማስደንገጫው እንደሚበዛ የትኛውም ማሽን ሊለውጠው አይችልም። ከደም ውስጥ የዘረመል ቁርጥራጭ ፈልጎ ብዙ ዓይነት ካንሰር ያገኛል የተባለው ጋለሪ የተሰኘው አዲስ ምርመራ እንኳ ጤነኛውን በስሕተት የሚጠቁመው ከመቶ አንድ በማይሞላ ሰው ላይ ቢሆንም፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ካሉ ካንሰሮች ያገኘው ከመቶ ወደ አሥራ ሰባት ብቻ ነው።

ደም የማይዋሽበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። የደም ካንሰርን ለመጠርጠር ተራው የደም ሴል ቆጠራና በማይክሮስኮፕ የሚታየው የደም ስላይድ ብዙ ጊዜ በቂ ፍንጭ ይሰጣሉ፤ እኔም በዚያች ማይክሮስኮፕ ላይ ያልተለመዱ ሴሎችን አይቼ ወደ ሐኪም የሮጥኩባቸው ቀናት አሉ። ካንሰሩ በናሙና ከተረጋገጠ በኋላም ሕክምናው እየሠራ ስለመሆኑ ለመከታተል ማርከሮቹ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ዋና ቦታቸውም እዚያ ነው። በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችም ከአልትራሳውንድ ጋር ኤ ኤፍ ፒ የሚባለው የጉበት ካንሰር ማርከር እየታየላቸው በየስድስት ወሩ ቢከታተሉ ተገቢ ነው።

ገንዘቡን በቁም ነገር ላይ ማዋል ለሚፈልግ ሰው ግን በቅርብ የሚገኝ የተሻለ ነገር አለ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ እንዲያደርጉ በአገራችን ይመከራል። በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራ ደቂቃዎች የሚፈጅ ሲሆን፣ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለውን ለውጥ አግኝቶ ወዲያው ለማከም ያስችላል፤ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚፈልገው የኤች ፒ ቪ ምርመራ ደግሞ ከዚያ የበለጠ አስተማማኝ ነው። ስለዚህ ጉዳይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ጨርቅ ግን በዚያ መንገድ ላይ አላየሁም።

በጋዜጣችሁ በኩል ለሚመለከታቸው የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ማንኛውም ላቦራቶሪ የማርከር ምርመራ ሲያስተዋውቅም ሆነ ውጤት ሲሰጥ ወረቀቱ ላይ በአማርኛና በሲዳምኛ «ይህ ውጤት ብቻውን ካንሰር መኖሩንም አለመኖሩንም አያረጋግጥም፤ ሐኪም ያማክሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲያሰፍር ይገደድ። ለዚያች ወጣት የሰጠኋት ወረቀት ላይ ከፊርማዬ በላይ ይህን ለመጻፍ የሚበቃ ባዶ ቦታ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጡ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ