አባዬ ብቻውን አልቀረም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። «እኔ እዚህ የካ አባዶ፣ እሱ እዚያ ዑራኤል፤ ብቻውን ጥዬው መጣሁ» ብለሽ ስታለቅሺ የምለው ጠፋኝ። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ፤ መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ካዛንቺስ ሳለሽ ነጠላሽን ጣል አድርገሽ፣ በእግርሽ ደርሰሽ፣ መቃብሩን ስመሽ ትመለሺ ነበር። አሁን ከአራተኛ ፎቅ መውረዱ ራሱ ፈተና ሆነብሽ። እድርተኞቹም አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተበትነዋል። ሀዘንሽ ይገባኛል። ግን እማዬ፣ እዚያ ድንጋይ ስር ያለው የአባዬ ሥጋ ነው፤ ትንሣኤን ይጠብቃል። እሱ ራሱ በሕይወት አለ።

ይሄን የምልሽ እንባሽን ለማበስ ብቻ ብዬ እንዳይመስልሽ። ትንሣኤ የለም የሚሉት ሰዱቃውያን ሰባት ወንድማማቾች ያገቧትን ሴት ነገር አንስተው ጌታን በትንሣኤ ሊፈትኑት ሲመጡ የመለሰላቸውን አስቢው። እግዚአብሔር ለሙሴ «የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብም አምላክ እኔ ነኝ» ማለቱን አስታወሳቸውና «የሕያዋን አምላክ ነው እንጂ የሙታን አይደለም» አላቸው። ሙሴ ይሄን ሲሰማ እኮ አብርሃም ከተቀበረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል! ሙሴም በተራው ሞቶ፣ ስንት ዘመን ካለፈ በኋላ በደብረ ታቦር ከኤልያስ ጋር ቆሞ ጌታን ሲያነጋግር ታየ። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ለሆያ ሆዬ ልጆች ሙልሙል የምትጋግሪው ለዚሁ በዓል ነው።

ጎረቤትሽ «ሙታን አንዳች አያውቁም ተብሎ ተጽፏል» ስላለችሽ አትዘኚባት። አድቬንቲስት ናት፤ የሞተ ሰው እስከ ትንሣኤ ቀን ያንቀላፋል ብለው ያምናሉ። በመጨረሻው ቀን መነሣታችንንማ እሷም እንደኛው ታምናለች። የጠቀሰችው መክብብ 9 ላይ አለ፤ እንደኔ ግን እዚያ የሚናገረው ከፀሐይ በታች ስላለው ኑሮ ነው፤ የሞተ ሰው ከዚህ ዓለም ሥራና ድርሻ ተለየ ይላል። እዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 12 ላይ ስትደርሺ ደግሞ አፈር ወደ ምድር፣ ነፍስም ወደ ሰጣት ወደ እግዚአብሔር እንደምትመለስ ታገኛለሽ። ጌታስ በቀኙ ለተሰቀለው ወንበዴ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» አይደል ያለው? ዛሬ ነው ያለው፤ እስከ ምጽአት ጠብቅ አላለውም።

«ያስታውሰን ይሆን?» ብለሽም ጠይቀሽኛል። እኔን ያሳረፈኝ የአልዓዛርና የባለጠጋው ታሪክ ነው። ያ ባለጠጋ በሲኦል እሳት ውስጥ ሆኖ እንኳ አምስት ወንድሞቹን አልረሳም፤ እንዳይመጡበት ለመነላቸው። በስቃይ ያለ ቤተሰቡን ካሰበ፣ በዕረፍት ያለ እንዴት ይረሳናል? በመጽሐፈ ሔኖክ ምዕራፍ 22 ደግሞ ሔኖክ የሙታን ነፍሳት የሚቆዩበትን ስፍራ ሲያይ ቅዱስ ሩፋኤል ያስረዳዋል፤ ለጻድቃን ነፍሳት የተለየው ቦታ ብርሃን ያለበት፣ የውኃ ምንጭ የሚፈልቅበት ነው። አባዬ በመጨረሻዎቹ ቀናት ከንፈሩ ደርቆ፣ በጥጥ ውኃ እያስነካን ነበር። ያቺን ምንጭ ሳነብ አልቅሻለሁ፤ የደስታም ነበር።

በ40 ቀኑ ተዝካሩን ስናወጣም ትዝ ያለኝ መጽሐፈ ኩፋሌ ላይ አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ ገነት መግባቱ ነው። ለሙት ዓመቱ ግን እባክሽ ብድር እንዳትገቢ። ድንኳን ባይጣል፣ በሬ ባይታረድ አባዬን የሚጎድለው ነገር የለም። የክርስትና ስሙን እዚያው አጠገብሽ ላለው ቤተ ክርስቲያን ስጪና በቅዳሴው ይታሰብ፤ በር ላይ ለሚቀመጡት ነዳያን እንጀራ በወጥ ይዘን እንሄዳለን። ዑራኤል ካልሆነ አይደርሰውም አትበይ፤ ታቦቱ ቢለያይም ሥጋ ወደሙ አንድ ነው። ፎቶውን ይዘሽ ስታወሪውም አትሸማቀቂ፤ ብቻ «ነፍሱን አሳርፍልኝ» የምትይውን ለእግዚአብሔር ንገሪው፣ እሱ ይሰማሻል።

መቃብሩንም አትይው ማለቴ አይደለም። ያ ሥጋ የተጠመቀ፣ የቆረበ ነው፤ ይነሣል። የሙት ዓመቱ ዋዜማ መጥቼ አንቺ ጋ አድራለሁ። ጠዋት ኮንትራት ታክሲ ይዘን ዑራኤል እንሄዳለን፣ ደረጃውን ደግፌሽ ቀስ እያልን እንወርዳለን። ለጉልበትሽ የሚቀባው ካለቀ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፣ ገዝቼ እመጣለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ