የሬዚደንሲ ምርጫሽን ከመሙላትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ያመዋል፤ ሐኪም ወልጄ የሌላ ሐኪም ደጅ አልጠናም ብሎ አንቺን ይጠብቃል።

ስለ ሬዚደንሲው፣ ማለት ስለ ስፔሻሊስት ሐኪም ሥልጠናሽ፣ «ቀዶ ሕክምና ጥቁር አንበሳ ካልደረሰኝ ዘንድሮም ይለፈኝ፤ ካልሆነም ቆዳ ሕክምና እሞላለሁ» ያልሽው ሲከነክነኝ ሰነበተ። በስልክ ብነግርሽ እያቋረጥሽ ስለማታስጨርሺኝ በወረቀት ይሁን ብያለሁ። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገርሽ፦ ሁለተኛ ምርጫሽ ሌላ ከተማ ይሁን እንጂ ሌላ ሙያ አይሁን። ሰርጀን፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ መሆን የምትፈልጊ ከሆነ ማለቴ ነው። ቆዳ ሕክምናን ወደሽው ከሆነ ይህን ደብዳቤ እዚህ ላይ አቁሚው፤ አልቀየምም።

እኔ ምላጭ ጨብጬ አላውቅም። የጨበጡትን ሰዎች እጅ ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ መሣሪያ እያቀበልኩ ከክንድ ርቀት አይቻለሁ። የእንቅርት ኦፕራሲዮን ሲሠራ እጢው ተላቆ ወደ ጎን ሲገለበጥ፣ ከኋላው በትንፋሽ ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል ሽቅብ የሚወጣ ቀጭን ነርቭ አለ። አንቺ በመጽሐፍ ታውቂዋለሽ። እሱ ከተቆረጠ ሴትዮዋ ድምፅዋ ይሰልላል፤ በሁለቱም ወገን ከተጎዳ መተንፈስ ያቅታታል። አጠገቡ ደግሞ ምስር የሚያክሉ፣ ከስብ ለመለየት ዓይን የሚያስቸግሩ እጢዎች አሉ፤ አብረው ከወጡ የሰውነቷ ካልሲየም ይወርዳል። ደም ብቅ ሲል ጀማሪው ሬዚደንት (በሥልጠና ላይ ያለው ሐኪም) እጁን ዘርግቶ የደም ሥር መቆንጠጫውን «ክላምፕ!» ይላል። የበሰለው ሰርጀን በጎዝ፣ በቁስል ጨርቅ፣ ጫን ያደርግና ይጠብቃል። አንድ ቀን መቀሱን ዘርግቼ ሰርጀኑ ሳይቀበለኝ ቆመ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ እጄ ዝሏል፣ እሱ «ነርቩን ሳላይ አልቆርጥም» ብሎ ጎንበስ እንዳለ ነው። ትይዩ የቆመው ሬዚደንት ያን ቀን አንዲት ክር እንኳ አላሰረም፤ ነገር ግን የተማረ ይመስለኛል።

የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና አራት ዓመት የሚያልቀው በዚህ ነው። ብዙ ታማሚ፣ ከጎን የሚቆም ነባር ሐኪም (ሲኒየር)፣ ከዚያ ደግሞ ምላጩ ወደ አንቺ የሚያልፍበት ተራ። ጥቁር አንበሳ የተወሳሰበው ሁሉ ተጠርቶ የሚመጣበት ቤት ነው፤ ብርቅ የሆነ በሽታ ለማየትና ከሰብ ስፔሻሊስቶች እግር ሥር ለመዋል ወደር የለውም። ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንት ሰው እንደሚቆም በኢንተርንሺፕሽ አይተሻል። ከሩቅ ወረዳ በሌሊት የሚመጣው፣ አንጀቱ ተጠምዝዞ ሆዱ የተነፋው ገበሬ ቅድሚያ የሚደርሰው ክልል ከተማ ካለው ሆስፒታል ነው። ተረኛዋ ሬዚደንት በፊንጢጣ ቱቦ አስገብታ አየሩን ታስወጣለታለች፤ ሰውየው ተንፍሶ ይመርቃታል። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው፦ አንጀቱ ደህና ስለሆነ ተዘጋጅቶ ይሠራ ወይስ መጥቆር ጀምሮ ይሆንና ዛሬውኑ ሆዱ ይከፈት? ሲኒየሩን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ድፍረትም የትምህርቱ ክፍል ነው። አንዳንዱ ሬዚደንት ቁጣውን ፈርቶ እስኪነጋ ይጠብቃል። አንቺ ቀስቅሺ፤ ይቆጣ።

ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ሰርጀን ለመሆን ኤድንብራ ድረስ መሄድ ነበረባቸው። ዛሬ ጎንደርም፣ ጅማም፣ ሐዋሳም፣ ባሕር ዳርም፣ እዚያው አዲስ አበባ ጳውሎስም ሰርጀን ያስመርቃሉ። የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡባዊ አፍሪካ ሰርጀኖች ኮሌጅ ፈተና ላይ ለመቀመጥ ብታስቢ ደግሞ ፈታኞቹ ከዛምቢያ ለመጣውም ከኢትዮጵያ ለመጣሽውም የሚያቀርቡት ፈተና አንድ ነው። አስቀድመሽ የምታጣሪው የምትማሪበት ሆስፒታል እውቅና እንዳለው ነው።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼንም አስቢያቸው። የፊስቱላ (በአስቸጋሪ ምጥ የሚመጣ፣ ሽንት እንዳይቋጠር የሚያደርግ ጉዳት) ታካሚ ሆነው ወደ ፊስቱላ ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ወደ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ የገጠር ሴት ነበሩ። እያዩ፣ እያገዙ ቀዶ ሕክምናውን ተምረው እ.ኤ.አ. በ1989 ከሐምሊኖቹ ጋር የእንግሊዝ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጀንስ ሜዳሊያ ተሸለሙ። ይህን የማነሳው ትምህርት ቤት ይቅር ለማለት አይደለም። እሳቸው አንድን ሥራ እስከ ጥግ አወቁት፤ አንቺ የምትፈልጊው ሆድንም፣ አንገትንም፣ ጡትንም፣ መኪና የገጨውንም ሰው ነው። ለዚህ ረጅሙ መንገድ ግድ ነው። እጃቸው ግን ከታማሚ አጠገብ እንጂ ከሕንፃ ስም አልመጣም።

የዘንድሮ የሬዚደንሲ መግቢያ ፈተና ውጤት እስኪወጣ ደግሞ ተቀምጠሽ አትጠብቂ። ሆስፒታላችሁ ያለው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ በቀዶ ሕክምና ሲያዋልድ ገብተሽ አግዢው። የእነዚህ ባለሙያዎች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ሰርጀን ገጠር አልደርስ ስላለ ነው፤ ዶክተር አይደለም ብለሽ እንዳትንቂው። በሌሊት ብቻውን የሚሠራ ሰው ብዙ የሚያሳይሽ ነገር አለው። ክር ማሰርም በአልጋ ብረት ላይ ተለማመጂ፤ በአንድ እጅ፣ ሳታዪ፣ ጓንት አድርገሽ።

አክስቶችሽ «ይህ ሁሉ ዓመት ተምራ መቼ ልታገባ?» ይላሉ። ለእነሱ መልስ መስጠት የእኔ ሥራ ነው፤ ለምጄዋለሁ። ነገር ግን የእርጉዝ ሬዚደንት እግር አብጦ ጠረጴዛ ሥር በርጩማ አስገብቼላት አውቃለሁ፤ ተረኝነቷን የሚተካ አልነበረም። ስለዚህ ቦታ ስትመርጪ እዚያ ያሉ ሴት ሬዚደንቶችን ፈልገሽ ጠይቂ፦ በወር ስንት ሌሊት ይገባሉ? የወሊድ ፈቃድ የወሰደችዋ ስትመለስ ምን ገጠማት? ወንዶቹን አትጠይቂ፤ «ምንም ችግር የለም» ነው የሚሉሽ።

የስፖንሰር ውልም አለ። የሚያስተምርሽ መሥሪያ ቤት ከተመረቅሽ በኋላ ተመልሰሽ የምታገለግይበትን ዓመት ያስፈርምሻል። የት እንደሚመድብሽ፣ ሰብ ስፔሻሊቲ ለመቀጠል ብትፈልጊ ይለቅሽ እንደሆነ፣ ውሉን ብታፈርሺ ምን ያህል ብር እንደምትከፍዪ አንብቢ። ከመፈረምሽ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። መነጽሬን አሠርቻለሁ፤ ረጋ ብዬ አነበዋለሁ፤ የማይገባኝን ለአጎትሽ ለጠበቃው አሳየዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እቤት ነኝ፤ ደውይልኝ።

እናትሽ